ሞተሩን የሸጠው ሱቅ ቡሎኑን ለምን አይሸጥም?

ሞተር ሳይክል መግዛት ቀላል ነው። ብሩ ካለ ሻጩ ወንበር ስቦ ያስቀምጣችኋል፤ ሻይ ቡና ይላችኋል፤ ሊብሬው እስኪያልቅ አብሯችሁ ይሯሯጣል። ከስድስት ወር በኋላ ጥፍር ለምታክል ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) እዚያው ሱቅ ስትመለሱ ግን የሚያውቃችሁ ሰው የለም። «እሱ ለብቻው አይመጣም።» «ሙሉውን ነው የምንሸጠው።» «ስቶክ ላይ የለም፤ ምናልባት በሚቀጥለው ኮንቴይነር።» ቦክሰር የነዳ፣ አፓቼ የነዳ፣ ያማሃ ዲቲ የነዳ ሁሉ እነዚህን መልሶች በቃሉ ይዟቸዋል።

ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ነገር ነው። ዴሊቨሪ ለሚሠራ ልጅ ግን ሞተሩ ቆመ ማለት የዕለት ገቢው ቆመ ማለት ነው። ገጠር ላለ የግብርና ባለሙያም እንደዚያው፤ በዚያ ሳምንት ራቅ ያለው ቀበሌ አይደረስም። ዕቃዋ የቱንም ያህል ርካሽ ብትሆን፣ እሷን ሲፈልጉ የሚባክነው ቀን ከዋጋዋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ዶላር ላይ ይጥላል። ዶላሩ ድርሻ የለውም አልልም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አስመጪው ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ባንክ ወረፋ ላይ ወራት ይቆይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወረፋው ቀለል ሲል ዋጋው ከበደ። በሁለቱም ጊዜ ግን የአስመጪው ሐሳብ ያው ነው፤ ባገኘው ዶላር ቶሎ የሚሸጠውን ያመጣል። አዲስ ሞተር፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ካቴና። ጎሚኒዋ ወረፋው መጨረሻ ላይ ናት።

ደግሞ ዶላር ብቻ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ ያሉ ሞተረኞች ይህን ችግር ባላወቁት ነበር። እዚያም ወኪሉ ቤት ሄዶ አንዲት ኦሪንግ (ዘይት እንዳያፈስ የምትገባ ክብ ጎማ) የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው «እንዘዝልህ?» የሚል መልስ ነው። ቀናት ይጠብቃል፤ የማድረሻ ሒሳቡም ከኦሪንጓ ዋጋ ሲበልጥ ያያል። የእኛ ችግር ከነሱ የከፋው እነሱ የሚጠብቁት ቀን ስለሆነ፣ እኛ የምንጠብቀው ደግሞ ኮንቴይነር ስለሆነ ነው። ከህንድ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ መጋዘን።

እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ትንሿን ዕቃ መሸጥ ለማንም አያዋጣም። መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ ፓራሊዮ (በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚይዝ የጎማ ቀለበት) እና አንድ ሙሉ ሲሊንደር ለሱቁ የሚፈጥሩት ሥራ እኩል ነው። ሁለቱም ይመዘገባሉ፣ ኮድ ይሰጣቸዋል፣ ይቆጠራሉ፣ ደረሰኝ ይቆረጥላቸዋል። ትርፋቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። አንድ ሻጭ ሩብ ሰዓት የክፍሎች ሥዕል እያገላበጠ የሮንዴላ (ቡሎን ሥር የምትገባ ቀለበት) ቁጥር ሲፈልግ ቢቆይ አለቃው ደስ የሚለው ይመስላችኋል?

ጉምሩክ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጣጣ አለ። በታሪፍ መጽሐፉ የሞተር ሳይክል ክፍሎች የሚመደቡበት ቁጥር 8714.10 ነው። ሁሉም ዕቃ እዚያ ቢገባ ነገሩ ቀላል በሆነ። ግን ዘንግ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ኩሽኔታ እዚያ አይገባም፤ እሱ 8482 ነው። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ 8511 ነው። ቡሎን፣ ዳዶና የብረት ሮንዴላ 7318 ናቸው። የጎማ ኦሪንግ 4016 ነው። አመዳደቡ ዓለም አቀፍ ስለሆነ የኛ ጉምሩክ ያመጣው ነገር አይደለም። ውጤቱ ግን ይታያችሁ። አንድ ዓይነት ሞተር የሞላበት ኮንቴይነር ወረቀቱ አጭር ነው። አንድ ካርቶን ጥቃቅን ዕቃ ግን በየዓይነቱ ተለይቶ፣ ብዛቱና ዋጋው ተጽፎ፣ በየቁጥሩ ቀረጥ ተሰልቶለት ነው የሚወጣው። አስመጪ ብትሆኑ የትኛውን ታመጣላችሁ?

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። «ለብቻው አይመጣም» የሚለው መልስ አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ሙሉውን ብቻ የሚሸጣቸው ዕቃዎች አሉ። የሞተሪኖ (ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው ክፍል) ካርቦን ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞተሪኖው የሚቆመው በአብዛኛው ካርቦኖቹ ስላለቁ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ካታሎግ ላይ ግን ካርቦኑ የራሱ ቁጥር የለውም፤ ያለው ሙሉ ሞተሪኖ ነው። እዚህ ላይ ወኪሉን መውቀስ አይቻልም። በሌላ በኩል፣ ፋብሪካው ሥዕሉ ላይ ለይቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ዋጋ አውጥቶለት ሳለ እዚህ «አይመጣም» የሚባል ዕቃ አለ። እንዲህ ያለው ዕቃ ያልመጣው ወኪሉ ስላላዘዘው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ይህን ለመለየት ካታሎጉን ማየት በቂ ነው። የሆንዳ፣ የያማሃ፣ የሱዙኪ የክፍሎች ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። የባጃጅና የቲቪኤስ ሞዴሎች ካታሎግም ፈልጎ ለሚያወርድ አይጠፋም።

አንድ ወኪል ቤት ቆሜ ያየሁት ይኸው ነበር። ሰውዬው የፈለገው የጎን ከቨሩ የሚሰካባትን ጎሚኒ ነው። ከቨሩ ጀርባ ላይ ሦስት የፕላስቲክ ጣቶች አሉ፤ ሻንሲው ላይ ደግሞ ጣቶቹን የሚይዙ ሦስት የጎማ ቀለበቶች። ቀለበቷ ደርቃ ስትወድቅ ከቨሩ ይንቀጠቀጣል፤ ኮብልስቶን ሲነካው ደግሞ ተፈናጥሮ መንገድ ላይ ይቀራል። ልጁ ኮምፒውተሩን አየና «ከቨሩን ሙሉውን ነው ያለን» አለ። «ቀዩን።» የሰውዬው ሞተር ጥቁር ነው። «ጥቁር ሞተር ላይ ቀይ ከቨር ላድርግ?» ብሎ ሳቀ፣ ወጣ። በር ላይ የነበረ መካኒክ ከአሮጌ ከላማዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆረጠ፣ የከቨሩ ጣት ላይ ጠቀለለ፣ ከቨሩን ገጨት አደረገው። ሻይ ጠጥተው ተለያዩ። ወኪሉ ያን ቀን ያጣው ገንዘብ ሳንቲም ነው። ሰውዬው ግን ሁለተኛ ሞተር ሲገዛ ወደዚያ ሱቅ የሚመለስ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ሚጠቅመው ነገር ልግባ። ወኪል ቤት ብቻ የሚገኙ ከሚመስሏችሁ ጥቃቅን ዕቃዎች ብዙዎቹ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምባቸው መደበኛ ልኮች ናቸው። ልካቸው ደግሞ ላያቸው ላይ ተጽፏል። ፓራሊዮ ስታወጡ ከመወርወራችሁ በፊት ፊቱን በጨርቅ ጥረጉት። ሦስት ቁጥር ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 20 32 6 ቢል የውስጥ ቀዳዳው 20፣ የውጭ ስፋቱ 32፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ያን ቁጥር ይዛችሁ መርካቶ ሶማሌ ተራና አካባቢው የኩሽኔታና የፓራሊዮ ሱቆች ብትገቡ ማንም የሞተራችሁን ስም አይጠይቃችሁም። ልኩን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ኩሽኔታማ የበለጠ ግልጽ ነው። 6202 የሚል ካነበባችሁ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ፋብሪካ ቢሠራ ውስጡ 15፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። 6301 ከሆነ 12፣ 37 እና 12። ከቁጥሩ ቀጥሎ ዜድ ዜድ ፊደላት ካሉበት ግራና ቀኝ የብረት ሽፋን አለው፤ 2 አርኤስ የሚል ከሆነ ሽፋኑ ጎማ ነው። ለጭቃና ለክረምት ጎማው ይሻላል። ይህ ቁጥር የውኃ ፓምፕ ውስጥም፣ የወፍጮ ሞተር ውስጥም ስለሚገኝ ክፍለ ሀገር ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሳይቀር ሊኖረው ይችላል። «የቦክሰር የፊት ጎማ ኩሽኔታ አለ?» ብላችሁ «የለም» የተባላችሁበት ሱቅ ቁጥሩን ብትነግሩት ከመደርደሪያው አንስቶ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ካንዴላ ላይ ያለው ፊደልም ዝም ብሎ አይደለም። በካንዴላ አምራቹ በኤንጂኬ አጻጻፍ የመጀመሪያው ፊደል የጥርሱን ስፋት ይናገራል፤ ሲ ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር፣ ዲ ከሆነ 12፣ ቢ ከሆነ 14። መሐል ያለው ቁጥር የሙቀት ደረጃው ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ዲ8ኢኤ የሚነበብበትን ካንዴላ አውጥታችሁ ዲ7ኢኤ ብትገጥሙ ይገባል፤ ግን ሞቅ ያለ ነው። ለከባድ መንገድ አልመክረውም። ፎርጅድ የበዛበትም ዕቃ ይኸው ስለሆነ ዋጋው ከሚገባው በታች ሲወርድላችሁ ደስ አይበላችሁ።

ቡሎን ላይ ብዙ አልቆይም። የ10 ቁልፍ የሚገባበት ትንሹ ቡሎን በአብዛኛው ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገበያ ላይ እንደ ልብ ነው። አሮጌውን ናሙና ይዞ መሄድ ብቻ።

የፋብሪካው ቁጥር ራሱም ይናገራል። በሆንዳ ካታሎግ በ9 የሚጀምሩት ቁጥሮች የቡሎን፣ የሮንዴላ፣ የኩሽኔታና የፓራሊዮ ዓይነት ዕቃዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ለብዙ ሞዴል የጋራ ናቸው። 94109-12000 የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ሥር የምትቀመጠዋ የ12 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ናት። 12ቱ ቁጥሩ ውስጥ ይታያል። ያማሃም መደበኛ ዕቃዎቹን በ9፣ ሱዙኪ ደግሞ በ09 ይጀምራል። ስለዚህ ቁጥሩ እንዲህ ከጀመረ ኮንቴይነር ከመጠበቃችሁ በፊት ልኩን አጣሩ። በሌላ በኩል የሞዴሉ ኮድ የገባበት፣ ቅርጹም ለዚያ ሞተር ብቻ የተሠራ ከሆነ ገበያ ላይ መንከራተት ድካም ነው። ወኪሉን ጨቅጭቁት። ስትሄዱ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ያዙ፤ ከተቻለ የሥዕሉን ፎቶና የዕቃውን ቁጥር አሳዩት። «እዚህ ጋ ያለችው ጥቁሯ ነገር» ብሎ የጠየቀ ሰው እና ቁጥር ያስቀመጠ ሰው የሚያገኙት መልስ አንድ አይደለም።

ገበያ ላይ ባገኛችሁት ልክ የማትጫወቱበት ቦታ ደግሞ አለ፤ እሱም ፍሬን ነው። አፓቼን የመሰሉ ሞተሮች ፊት ለፊት የዲስክ ፍሬን አላቸው። በፍሬን ዘይቱ ውስጥ የሚሠራው ጎሚኒ ለዚያ ዘይት ተብሎ የተሠራ የጎማ ዓይነት ነው። ለሞተር ዘይትና ለቤንዚን የሚሆነው የተለመደው ጥቁር ኦሪንግ በልክ ቢመሳሰልም ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት ሲነካው ያብጣል። መጀመሪያ ላይ ልክክ ብሎ የገባው ጎሚኒ ካበጠ በኋላ ፍሬኑን ይዞ ሊያስቀር፣ ወይም ጭራሽ ሊያሳጣ ይችላል። የፍሬኑ ጎማም በተራው ቤንዚን አይወድም። ስለዚህ የፍሬን ኪት ሙሉውን፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን መግዛት ነው። የኋላ አክሰል ዳዶ ላይ የምትገባዋን መቆለፊያ ሽቦም እዚህ ላይ እጨምራለሁ። ርካሽ ናት፤ በየቦታው ትገኛለች። ሆኖም በምትኩ ሚስማር አጥፎ የሚያስገባ መካኒክ አላያችሁም? ዳዶው ሲላላ ሚስማሩ እንደማይመልሰው እሱም ያውቀዋል።

ስለ መካኒኮች ካነሳን፣ የትንሽ ዕቃ ችግር ግማሹ የሚፈጠረው ጋራዥ ውስጥ ነው። የጃፓን ካርቡሬተር ላይ ያሉት የመስቀል ቪቴዎች ለጃፓን መስቀል ካቻቢቴ የተሠሩ ናቸው። በተለመደው ካቻቢቴ ሲታገሏቸው ጭንቅላታቸው ይበላል። ከዚያ በፒንሳ ይጠመዘዛሉ፣ ይሰበራሉ፣ ቪቴ ፍለጋ ይጀመራል። መዶሻ የነካው ጋርኒሲዮን፣ መሬት ላይ ወድቆ አቧራ የበላው ስፕሪንግ፣ «ትርፍ ነው» ተብሎ የተጣለ ሮንዴላ። ወኪሉ ላይ ከመጮኻችን በፊት የራሳችንን ጓሮ ብናይ አይከፋም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞተር ጉዳይ ለየት ይላል። በየወረዳው ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎባቸው የቆሙትን ያማሃዎች ያየ ሰው ሞታቸው ከባድ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አይደለም። ዕቃ የሚገዛው በፕሮፎርማ ነው፤ ቢያንስ ከሦስት አቅራቢ። ለአንድ ፓራሊዮ ሦስት ፕሮፎርማ የሚሰጥ ሱቅ ከየት ይመጣል? የኩሽኔታ ሱቁ ደረሰኝ ላይ ያመነታል። ወኪሉ ደረሰኝ አለው፤ ዕቃው የለውም። ፕሮፎርማው ተሟልቶ፣ ተወዳድሮ፣ ክፍያው እስኪጸድቅ ድረስ ደግሞ ዋጋው ይለወጣል፤ ሱቁም «ያ ዋጋ አልፎበታል» ይላል። ወረቀቱ እንደገና ይጀመራል። በዚህ መሐል ሌላ ሞተር ይበላሻል። መካኒኩም ከቆመው ፓራሊዮ አውጥቶ ለሚሄደው ይገጥማል። ነገ ሌላ ነገር ይወስድበታል። አንዲት ፓራሊዮ ያቆመችው ሞተር እንዲህ እየሆነ በዓመቱ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ውስብስብ አይመስለኝም። መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ዓመት የሚበቃ የጥቃቅን ዕቃ ዝርዝር አውጥቶ በአንድ ጨረታ ቢገዛና ንብረት ክፍል ቢያስቀምጥ ወረቀቱ በዓመት አንዴ ነው። ያን ዝርዝር የሚያወጣው ግን ሞተሩን የሚያውቀው መካኒክ ሊሆን ይገባል።

ወኪሎቹስ? በአንድ ነገር ብቻ ብንጠይቃቸው ብዙ ይለወጥ ነበር። ለሚሸጡት ሞዴል ሁሉ የክፍሎቹን ሥዕልና ቁጥር ለገዢው በግልጽ ያሳዩ። ዕቃው ባይኖራቸው እንኳ ሰው ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ያስመጣዋል፤ ይህ አሁንም የሚደረግ ነው። የሚያስቸግረው ቁጥሩን አለማወቅ ነው። ከእኛ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚመጡባት ህንድ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ በመንግሥቷ በኩል የመጠገን መብት ድረ ገጽ ከፍታለች፤ ተሽከርካሪ ከተካተቱት አራት ዘርፎች አንዱ ነው። ዓላማው አምራቾች የጥገና መመሪያና የመለዋወጫ መረጃ ለገዢው እንዲያሳዩ ነው። እዚያ ለገዢው የተገለጠ መረጃ እዚህ የሚደበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

በዚህ ላይ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተባለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ የማይወራበት ቦታ የለም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎችም አዲስ አበባ ላይ በዝተዋል። ካርቡሬተር የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። ሰው ከትንሽ ዕቃ ጣጣ የተገላገለ ይመስለዋል። ግን ብዙዎቹ ላይ የኋላ ጎማው ውስጥ ባለው ሞተር ሦስት ሴንሰሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ውኃ ገብቶ አንዷ ስትሞት ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ሴንሰሯ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የምትገኝ ርካሽ ነገር ናት፤ ጎማውን ፈትቶ፣ አሮጌዋን ነቅሎ አዲሷን በካውያ መበየድ የሚችል ሰው ያስፈልጋል እንጂ። ሻጩ ግን የሚላችሁ «ሙሉ ጎማው ይቀየር» ነው። ጋዝ መስጫው ውስጥም እንዲሁ አንዲት ሴንሰር አለች፤ እሷም «ሙሉው» ተብላ ነው የምትሸጠው። የነዳጁ ሞተር ቢያንስ 6202 የሚል ጽሑፍ ነበረው። አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ግን ካታሎግ ይዘው አልመጡም፤ የገጣጠማቸው ድርጅት ነገ ሥራ ቢቀይር ማን ጋ እንደሚኬድ አይታወቅም።

ስለዚህ አዲስ ሞተር ልትገዙ ከሆነ፣ ቀብድ ሳታስይዙ ሻጩን ወደ መለዋወጫ ክፍሉ ይዛችሁት ሂዱ። የነዳጅ ከሆነ የጎን ከቨር ጎሚኒ፣ የፊት ጥርስ ፓራሊዮ እና የፍሬን ኪት አሳየኝ በሉት። የኤሌክትሪክ ከሆነ የጋዝ መስጫውን፣ የቻርጀር ሶኬቱን እና የሴንሰሩን ቁጥር ጠይቁት። የምትጠይቁበት ጊዜ ያኔ ነው፤ ብሩ ገና ኪሳችሁ ሳለ። ሦስቱንም «ለብቻው አይመጣም» ካላችሁ ዋጋ ላይ ተከራከሩበት፣ ወይም ጎረቤት ያለውን ሱቅ እዩ።